ቅንፍ ውስጥ የጠፋችው ነጥብ

የመነጽሬ ክንድ ከተሰበረ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። በክር አስሬ ሁለት ቀን ካስተማርኩበት በኋላ ተማሪዎቼ ከሂሳቡ ይልቅ ክሩን ማየት ስላበዙ፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ መነጽር ጠጋኙ ጋ ሄድኩ። ሱቁ ጠባብ ነው፤ አንድ አግዳሚ ወንበርና አንድ መስታወት ብቻ አለው። አግዳሚው ላይ ወፍራም የካርቶን ማኅደር ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ተራ የሚጠብቁ ሽማግሌ አየሁ። ጠጋ ስል ጋሼ ነጥብ ሆነው ተገኙ።

ጋሼ ነጥብ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የብሬል ማተሚያ ክፍል ኃላፊ ናቸው። ብሬል ማለት ወረቀት ላይ እየጎበጠ የሚወጣ፣ በጣት ተዳስሶ የሚነበብ የነጥብ ጽሕፈት ነው፤ የቅጽል ስማቸውም ከዚሁ የመጣ ነው። ያወጡላቸው ተማሪዎች ናቸው፣ እሳቸውም አልጠሉትም። እኔ እዚያ ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ሂሳብ አስተምሬ ወደ ሌላ ከተዛወርኩ ቆይቻለሁ። ከተያየን ስድስት ዓመት ሳይሞላን አይቀርም።

«ደህና ነዎት ጋሼ?»

«ደህና ነኝ ማለት ይቻላል። አንተስ? ልጆቹ እንዴት ናቸው?» አሉና መልሴን ሳይጠብቁ፣ «አንተ ነገር የሚገባህ ሰው ነህ፤ እስቲ ፍረደኝ» አሉኝ።

«በምን ጉዳይ?»

«ወይዘሪት ለምን ተመልሳ መጥታብኛለች።»

ሳቄ አመለጠኝ። ወይዘሪት ለምን የሁለታችንም ተማሪ ነበረች። ዓይኗን ያጣችው ገና በሦስት ዓመቷ ነው። ክፍል ውስጥ ጥያቄዋ ማለቂያ ስላልነበረው ስሟን እኛው አስተማሪዎቹ አወጣንላት። ዛሬ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊ ናት፤ ስክሪኑን ድምፅ አውጥቶ የሚያነብላት መሣሪያ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ከማናችንም ፈጥና ትሠራለች።

«ምን አለችዎ?»

«ሃያ ስድስት ዓመት የለፋሁበትን ፕሮግራም አደባባይ ላይ አውጣው ነው የምትለኝ። ማንም እንዲያየው፣ ማንም እንዲነካካው። ክፍት ምንጭ ይሉታል አሉ። እኔ ግን በር ከፍቶ መተኛት ነው የምለው።»

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲገባው ጥቂት ልበል። ጋሼ ነጥብ የሚሉት ፕሮግራም የተጻፈን ጽሑፍ ተቀብሎ ወደ ብሬል የሚቀይር ነው። አስተማሪው ፈተናውን እንደ ልማዱ በኮምፒውተር ጽፎ ይሰጣቸዋል፤ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት በየሕጉ ይቀይረዋል፤ ከዚያ ማሽኑ ነጥቦቹን ወረቀት ላይ ይወጋቸዋል። ሕጎቹን አንድ በአንድ የጻፏቸው እሳቸው ናቸው። ሲጀምሩ ያስተማራቸው ሰው አልነበረም። በዚህ ሥራ ስንት መቶ ልጅ መጽሐፍ እንዳነበበ የሚቆጥረው የለም። ስለዚህ ኩራታቸው ባዶ ኩራት አልነበረም።

«ከሰዓት ትመጣለች። ክፍል ከሌለህ አብረኸኝ ሂድና ስማት» አሉኝ። ክፍል አልነበረኝም። መነጽሮቻችን ሲጠገኑ አብረን ወጣን። መንገድ ስንሻገር ክንዴን ያዝ አደረጉኝ፤ እድሜያቸው ነው ብዬ አለፍኩት።

ማተሚያ ክፍሉ እንደተውኩት ነው። ማሽኑ ጩኸቱ እንዳይረብሽ በወፍራም ጨርቅ የተለበጠ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ ሲሠራ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ያንጣጣል። ግድግዳውን ተደግፎ የወረቀት ክምር ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የብስኩት ቆርቆሮ አለ፤ ውስጡ አሥራ አንድ ፍላሽ ተደርድሯል፣ በየአንገታቸው ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ክር ታስሮባቸዋል።

ወይዘሪት ለምን ቀድማን ደርሳ ነበር። ከፊቷ የታተመ ወረቀት ዘርግታ በሁለት እጇ ታነባለች። የዓመቱ ማጠቃለያ የሂሳብ ፈተና መሆኑን ጋሼ ነገሩኝ። አራት ትምህርት ቤቶች ውስጥ የሚማሩ አርባ አንድ ተማሪዎች የዛሬ ዘጠኝ ቀን ይፈተኑበታል፤ ግልባጮቹ ታሽገው ጎን ካለው ክፍል ተቀምጠዋል፣ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ይወስዳቸዋል። አንዷን ግልባጭ ለመጨረሻ ጊዜ እንድታይላቸው ለእሷ ሰጥተዋታል።

ድምፄን ስትሰማ ተነሥታ ሰላም አለችኝ። «መምህር፣ ዳኛ ሆነው ነው የመጡት?»

«ታዛቢ ነኝ።»

«ይሻላል» አለችና ወደ ጋሼ ዞረች። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«መቼ ሳትጠይቂ ውለሽ ታውቂያለሽ?»

«ኮምፒውተርዎ ላይ ስንት ፕሮግራም አለ? ማለቴ የእርስዎ መቀየሪያ።»

ጋሼ አጠገቤ ተቀምጠው ዝርዝሩን ከፈቱ። እኔ ጮክ ብዬ አነበብኩት፦ «መቀየሪያ የመጨረሻ። መቀየሪያ የመጨረሻ ሁለት። ይሄኛው ነው። ይሄኛው ነው እውነተኛው። አትንካ። አትንካ አዲሱ።»

ወይዘሪት ለምን ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች። «ታዲያ ትክክለኛው የትኛው ነው?»

«እኔ አውቀዋለሁ።»

«እርስዎ ባይኖሩስ?»

«የት ልሄድ?» አሉ ቆጣ ብለው።

«የትም አይሂዱ ጋሼ። ግን ይስሙኝ። ለውጥን ሁሉ የሚመዘግብ መሣሪያ አለ፤ ጊት ይባላል። አንድ መስመር በቀየሩ ቁጥር ማን፣ መቼና ለምን እንደቀየረው ይጽፋል። የድሮውም አይጠፋም፤ ሲያስፈልግ ተመልሶ ይገኛል። ስድስት ግልባጭ ማስቀመጥ የለ፣ አትንካ ብሎ መጻፍ የለ፤ አንድ ፕሮግራም ከነታሪኩ።»

«ታሪኩ በጭንቅላቴ ውስጥ ተቀምጧል።»

«ጭንቅላትዎ ያመመው ቀን ማንን እንጠይቅ?»

«ደፋር ነሽ አንቺ።»

«ያስለመዱኝ እርስዎ ነዎት።»

እኔ በልቤ ወደ ልጅቷ አዘነበልኩ፤ ሆኖም ለሽማግሌው ፍርሃትም ቦታ ነበረኝ። እድሜውን ሙሉ ብቻውን የሠራ ሰው ሥራውን ለሌላ አሳልፈህ ስጥ ሲባል የሚሰማው፣ አንተ ከእንግዲህ አታስፈልግም እንደተባለ ነው። ይህ ስሜት በክርክር ብቻ አይሽርም።

«እሺ፣ መዝገቡንስ ተቀበልኩ እንበል» አሉ ጋሼ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለማያውቁት ሰው መስጠቱን ነው የማልቀበለው። አንዱ ጎረምሳ ተነሥቶ የቁጥር ምልክቱን ቢያበላሽብኝ፣ ልጆቹ የተበላሸ ነገር ሊያነቡ ነው? ደግሞስ ፈተናውንም ዓለም ሁሉ ሊያየው ነው?»

«ፈተናው ከዚህ ክፍል አይወጣም። የሚወጣው ሕጉ ብቻ ነው፤ ሀ በየትኞቹ ነጥቦች ይጻፋል፣ ቁጥር በምን ይጀመራል የሚለው። እሱ ደግሞ ምስጢር አይደለም፤ ልጆቹ አንደኛ ክፍል የሚማሩት ነው። ማበላሸቱን በተመለከተ፣ የእርስዎን ዋና ጽሑፍ ማንም አይነካም። መቀየር የሚፈልግ ሰው የራሱን ግልባጭ ይወስዳል፤ ቅርንጫፍ እንለዋለን። እዚያ ላይ እንዳሻው ይሠራል። ሲጨርስ ‹ይህን ለውጫለሁ፣ ምክንያቴም ይህ ነው፣ እዩልኝ› ብሎ ያቀርባል። ሌላ ሰው መስመር በመስመር አይቶ እሺ ካላለ ወደ ዋናው አይገባም።»

«እሺ የሚለው ማን ነው?»

«ለእኛ ቋንቋ? እርስዎ ነዎት።»

ጋሼ ይህን አልጠበቁም ነበር። አገጫቸውን እያሻሹ ቆዩና፣ «እኔ እሺ ካላልኩ አይገባም?»

«አይገባም። ግን ምክንያትዎን መጻፍ አለብዎ። ‹አትንካ› ብቻ አይበቃም።»

ይህን ስትል እኔም ሳቅኩ፣ ጋሼም ፈገግ አሉ። ወዲያው ግን ፊታቸው ተመልሶ ከበደ። «እኔ ይህን ሁሉ በነጻ ልስጥ። እነሱ በምላሹ ምን ይሰጡኛል?»

«ዓይን» አለች ወይዘሪት ለምን። «የብዙ ሰው ዓይንና የብዙ ሰው ጣት።»

ጋሼ ዝም አሉ። ዝምታቸው የተሸነፈ ሰው ዝምታ አልመሰለኝም፤ ያመመው ቦታ የተነካ ሰው ዝምታ ነበር። ለምን እንደሆነ ግን ያን ሰዓት አልገባኝም።

እሷ ደግሞ ወደ ፈተናው ተመለሰች። ጣቶቿ በመስመሩ ላይ ሄዱ፣ ቆሙ፣ ተመለሱ፤ እንደገና ሄዱ።

«መምህር፣ አራትን በሃያ አምስት ሲያባዙ መቶ አይደለም?»

«መቶ ነው።»

«ጥያቄ አሥራ አራት ላይ፣ ከምርጫዎቹ ውስጥ መቶ የለም። ስምንት፣ አሥር፣ አሥራ ሁለትና አሥራ አራት ነው ያሉት።»

አስተማሪው የጻፈውን ዋናውን ወረቀት ከማኅደሩ አውጥቼ አየሁ። ጥያቄው አራት ሲባዛ በቅንፍ ሁለት ነጥብ አምስት ይላል። መልሱ አሥር ነው። በብሬሉ ላይ ግን ነጥቧ የለችም፤ ሁለት ነጥብ አምስት ሃያ አምስት ሆኗል።

«አይሆንም» አሉ ጋሼ። «እሱን ስህተት አውቀዋለሁ። ነጥብ ያለው ቁጥር ቅንፍ ውስጥ ሲገባ ነጥቧን ይውጣት ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት አስተካክዬዋለሁ፤ በእጄ ነው ያስተካከልኩት።»

ቆርቆሮውን ከፍተው ፍላሾቹን አንድ በአንድ መሰካት ጀመሩ። እኔ እያነበብኩላቸው አየን። ቀይ ክር የታሰረበት ላይ እርማቱ አለ። ኮምፒውተሩ ላይ ባለው «ይሄኛው ነው እውነተኛው» ላይ ግን የለም። ቀስ በቀስ ነገሩ ግልጽ ሆነ፤ ባለፈው ዓመት ኮምፒውተሩ ተቃጥሎ ሲጠገን፣ ጋሼ ፕሮግራሙን የመለሱት ከሰማያዊው ፍላሽ ነበር። ሰማያዊው ደግሞ ከእርማቱ በፊት የተቀዳ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ያለ እርማት ሲታተም ኖሯል።

ጋሼ ወንበራቸው ላይ ተዘፈዘፉ። ቆሌያቸው ተገፎ፣ «ስምንተኛ ክፍል ያለችዋ ልጅ» አሉ።

«የቷ ልጅ?» አልኳቸው።

«በአጋማሽ ፈተና ጊዜ፣ ‹ጥያቄው ልክ አይደለም፣ መልሱ ከምርጫው ውስጥ የለም› ብላ ቅሬታ አቀረበች። አስተማሪዋ እኔን ጠየቀኝ። ማሽኑ አይሳሳትም፣ ሰበብ ፈልጋ ነው አልኩት። አራት ጥያቄ ተሰረዘባት።»

ወይዘሪት ለምን ቀስ ብላ፣ «ጋሼ፣ ከታተመ በኋላ አያነቡትም እንዴ? ድሮ ገጽ በገጽ ወረቀቱን ወደ መስኮት አዘንብለው ያዩት ነበር» አለች።

ዓይናማ ሰው ብሬልን የሚያነበው የነጥቦቹን ጥላ እያየ ነው። ጋሼም እንዲሁ ነበሩ። አሁን ግን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«አላየውም ልጄ። የዓይን ሞራ ነው። ሐኪሙ በቀዶ ጥገና ይነሣል ካለኝ ዓመት ተኩል ሆኖኛል። ሁለቱን ዓይን ለማከምና ለማገገም አንድ ወር ግድ ነው አለኝ። አንድ ወር ከዚህ ብለይ ማተሚያው ይዘጋል፤ ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም። ስለዚህ ለማንም አልነገርኩም። ማሽኑን አምኜ ሳትም ከረምኩ።»

እነሆ መንገድ ስንሻገር ክንዴን የያዙበት ምክንያት፤ «ዓይን» ሲባሉ ዝም ያሉበትም ምክንያት። ለካስ ሲከላከሉ የነበረው ፕሮግራሙን ብቻ አልነበረም።

እሷ ወንበሯን ወደ እሳቸው አስጠጋች። ሌላ ሰው ቢሆን «አላልኩዎትም?» ለማለት ይህን ሰዓት ይጠቀምበት ነበር። እሷ ግን፣ «ፈተናው ገና አልወጣም ጋሼ። ሳጥኖቹ እዚሁ ናቸው» አለች። «ደርሰንበታል።»

ያን ጊዜ ነው ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ የተነፈሱት።

የመጀመሪያ ሐሳባቸው አርባ አንዱን ግልባጭ ከፍተን የጎደለችውን ነጥብ በእጅ እንውጋ የሚል ነበር። «ይቻላል» አለች እሷ፤ «ግን ሌላ የጠፋ ነገር እንደሌለ በምን እናውቃለን? ነገ የሚታተመውስ?»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ፕሮግራሙን ራሱን እንፈትነው። ልጆቹን ብቻ ነው እንዴ የምንፈትነው?»

ጋሼ እጃቸውን አወናጨፉ፤ እሺ ማለታቸው ነበር። «ለዛሬ ብቻ» ብለው ጨመሩ።

እሷ ከብዙ አገር የተሰባሰቡ ሰዎች በጋራ የሚሠሩት አንድ የብሬል መቀየሪያ ፕሮግራም ውስጥ ትሳተፋለች። የእኛ ቋንቋ ሕግ እዚያ ውስጥ ስላልነበረ ነው ጋሼን ስትለማመጥ የከረመችው። የጋሼን ሕጎች በአንድ ቅርንጫፍ ላይ አስገባች። ከዚያ ለእኔ ሥራ ሰጠችኝ፦ በሂሳብ ፈተና ሊመጣ የሚችለውን የቁጥር ዓይነት ሁሉ እንድጽፍ፣ ጋሼ ደግሞ ትክክለኛው ብሬል ምን መምሰል እንዳለበት ከጎኑ እንዲናገሩ። እኔ ጻፍኩ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ነጥቦቹን በቃላቸው ጠሩ፣ እሷ መዘገበች። ስልሳ ሦስት ደረስን።

«አሁን መሣሪያው ፕሮግራሙን በነዚህ ሁሉ ላይ ያስኬድና የወጣውን ጋሼ ካሉት ጋር ያስተያያል። ከዛሬ ጀምሮ ማንም ሰው አንዲት መስመር ለመለወጥ በጠየቀ ቁጥር፣ ሳይታዘዝ ራሱ ይፈትነዋል። የወደቀ ለውጥ አይገባም።»

አንድ ቁልፍ ተጫነች። ጆሮዋ ላይ ያለው ድምፅ ለእሷ የነገራትን እሷ ለእኛ ነገረችን፦ «ስልሳ አለፈ፣ ሦስት ወደቀ።»

የወደቁት የቅንፉ ነጥብ፣ ከመቀነስ ምልክት ቀጥሎ የሚመጣ ዜሮ ነጥብና አንድ የመቶኛ ምልክት ነበሩ። ሁለቱን የኋለኞቹን ጋሼ ራሳቸው አያውቋቸውም ነበር። እኔ ስክሪኑን እያነበብኩላቸው ሦስቱንም በሩብ ሰዓት አስተካከሉ፤ እጃቸው ሥራውን ያውቀዋል። እንደገና ተጫነች።

«ስልሳ ሦስት አለፈ።»

ጋሼ ነጥብ መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ «ይህን ነገር ከሃያ ዓመት በፊት ባገኘው ኖሮ ስንት ሌሊት በተኛሁ» አሉ።

ለውጡን ከምክንያቱ ጋር ጽፈን ለቡድኑ አቀረብን። የመኪናው ሰዎች ጋ ደውዬ ሁለት ቀን እንዲታገሱን ለመንኩ፤ ታገሱን።

በማግስቱ ከአንድ ሩቅ አገር መልስ መጣ። የጻፈችው ዓይነ ስውር የፒያኖ ቃኚ ናት፤ ከሥራዋ በኋላ የሌሎችን ለውጥ ትመረምራለች። ጋሼ ሲፈሩት የነበረው ይኸው ነበር፤ የማያውቁት ሰው ስህተታቸውን ሲለቅም። ወይዘሪት ለምን ተርጉማ አነበበችልን።

«ሥራዎን በደስታ አነበብኩ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ቅንፍ ውስጥ ሌላ ቅንፍ ቢገባ ነጥቧ ትተርፋለች? ሁለተኛ፣ ከክፍልፋይ በፊት አንድ ባዶ ቦታ ትተዋል። ስህተት ነው ወይስ ምክንያት አለው?»

የመጀመሪያውን ሞከርነው። ነጥቧ ጠፋች። ጋሼ ግንባራቸውን ይዘው፣ «አላሰብኩትም» አሉ። በፈተናው ውስጥ ጥያቄ ሃያ ሁለት ላይ ድርብ ቅንፍ ነበር። አስተካከሉት፤ ድርብ ቅንፉም ከፕሮግራሙ መፈተኛዎች ስልሳ አራተኛው ሆኖ ተመዘገበ።

ለሁለተኛው ግን ቀና ብለው ተቀመጡ። «እሱስ ምክንያት አለው። ትንንሽ ልጆች ክፍልፋዩን ከፊቱ ካለው ቃል ጋር አጣብቀው ያነቡት ነበር። ያን ያሳየችኝ አንዲት የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ናት፤ ካረፈች አራት ዓመቷ። ባዶ ቦታ ብንተው ጣታቸው ያርፋል አለችኝ። ሞከርነው፣ እውነቷን ነው።»

«ይህን ማን ያውቃል ጋሼ?» አለች ወይዘሪት ለምን።

«ከእሷ በኋላ? እኔ ብቻ።»

«ታዲያ እንጻፈው።»

ከሕጉ ጎን ምክንያቱን ጻፉ፤ የአስተማሪዋንም ድርሻ አልዘነጉም። የፒያኖ ቃኚዋ ማምሻውን መለሰች፦ «ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። የእኛም ልጆች በዚሁ ቦታ ይሳሳታሉ፤ መድኃኒቱን ግን አናውቅም ነበር። ለቋንቋችን እንድንወስደው ይፈቅዱልናል? ለውጡ ከእኔ በኩል እሺ ነው።»

ጋሼ ደግማ እንድታነብላቸው ጠየቁ። አነበበች። ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቁ። ከዚያ መሐረባቸውን አወጡና፣ «ንገሪያት፤ ይውሰዱት» አሉ። «ለዛሬ ብቻ» ያሉትን ዳግም አላነሡም፤ እኛም አላስታወስናቸውም።

ፈተናው እንደገና ታትሞ፣ ወይዘሪት ለምንና ሌላ አንዲት መምህርት ገጽ በገጽ ዳስሰውት፣ ከፈተናው ቀን ስድስት ቀን ቀደም ብሎ ተላከ። ጋሼ ግን አንድ ሥራ ቀርቷቸው ነበር። ስምንተኛ ክፍል ሄደው ልጅቷን በጓደኞቿ ፊት ይቅርታ ጠየቋት። አስተማሪዋም የተሰረዙባትን ጥያቄዎች መልሶ አርሞላት ነበር። አብሬያቸው ስለነበርኩ መልሷን ሰምቻለሁ። ቂም የለበትም፤ እንዲያውም ፊቷ በርቶ ነበር።

«ጋሼ፣ እኔ የተሳሳተው ጣቴ መስሎኝ ነበር» አለች። «ከዚያ ወዲህ ሁሉንም ነገር ሁለት ሁለት ጊዜ ነው የማነበው። አሁን አንዴ ላንብብ?»

«አንዴ አንብቢ» አሏት።

ከፈተናው በኋላ ባለው ሳምንት ጋሼ ነጥብ ሐኪም ቤት ገቡ። በአራተኛው ቀን ማተሚያ ክፍሉ ሳለሁ ስልክ ደወሉ። ያን ዕለት ወይዘሪት ለምንና መምህርቷ የአምስተኛ ክፍል የሳይንስ መጽሐፍ እያተሙ ነበር። አንዲት ከሌላ ከተማ የምትሠራ ልጅ የሙቀት መለኪያ ምልክት እንዲጨመር የለውጥ ሐሳብ አቅርባለች፤ ሐሳቡም የፕሮግራሙን ፈተና አልፎ፣ ጋሼ እስኪመለሱ በወከሏት በወይዘሪት ለምን ታይቶ ገብቷል።

«ማሽኑ እንዴት ነው? ችግር አለ?» አሉ ጋሼ።

«የለም» አለቻቸው ወይዘሪት ለምን። «የሙቀቱን ምልክት እርስዎ ሲድኑ ያዩታል፤ ካልወደዱት ምክንያቱን ጽፈን እንመልሰዋለን። ለዛሬ ግን አያስፈልጉንም፤ ይረፉ።»

ተቀየሙ ብዬ ፈራሁ። ቀጥሎ የመጣው ግን ረጅም ትንፋሽና ሳቅ ነበር። «ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እረፍ ያለኝ ሰው አልነበረም» አሉ። «እንግዲያው ልተኛ።»

ይህን የጻፍኩት ስለ ኮምፒውተር ለማስተማር አይደለም፤ ከእኔ የሚበልጡ አሉ። የጻፍኩት በየመሥሪያ ቤቱ እንደ ጋሼ ነጥብ ያሉ ደጋግ ሰዎች ስላሉ ነው። ሥራውን ብቻቸውን ተሸክመው፣ ሲደክሙ ሳይናገሩ፣ ሲሳሳቱ የሚያርማቸው ሳያገኙ የሚኖሩ ናቸው። የማካፈል ጥቅሙ ለሌላው ብቻ ይመስላቸዋል። እኔ ያየሁት ግን ይህ ነው፦ ለውጥ ሁሉ ሲመዘገብ የተስተካከለ ስህተት ተመልሶ አይመጣም፤ ሌላ ሰው ሲመረምረው አንድ ሰው ያላሰበው ይታሰባል፤ ምክንያቱ ሲጻፍ የሞተች አስተማሪ ብልሃት ለሩቅ አገር ልጆች ይደርሳል፤ ፕሮግራሙ ራሱ ሲፈተን ልጆች በራሳቸው ጣት መጠራጠራቸውን ይተዋሉ። ባለሙያውም ሥራውን ሳያጣ ሕክምናውን ያገኛል።

ጋሼ ነጥብ ከወር በኋላ ወደ ሥራ ተመልሰዋል። አሁን ወረቀቱን ወደ መስኮት አዘንብለው ገጽ በገጽ ያያሉ፤ ከሌላ ከተማና ከሌላ አገር የሚመጣውንም ለውጥ ይመረምራሉ። ባለፈው ሳምንት ስሄድ ወይዘሪት ለምን ያቀረበችውን አንድ ለውጥ አልቀበልም ብለው ምክንያቱን በሦስት አንቀጽ ጽፈውላታል። እሷም አነበበችው፣ ትንሽ ተከራከረች፣ በመጨረሻም ልክ ነዎት ብላ አስተካከለችው። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ነበር።